ሽማግሌዎቹ የተደገፉት እንጨት

እንጨት ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜም አይደለም፤ ባለቤቴ ባልዲውን እስክትደብቅብኝ ድረስ በቀን ሦስት አራት ጊዜ አይቻለሁ። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር፣ ከመቀመጡ በፊት ባልዲው አጠገብ ይቆማል። እኔ መዳፍ የምታህል ቡናማ ቁራጭ ከኪሴ አወጣና ውሃው ውስጥ ጣል አደርጋታለሁ። ቀጥ ብላ ትወርድና ባልዲው ሥር ትተኛለች። "እንጨት ነው እንግዲህ" እላለሁ፣ እኔ የፈጠርኩት ይመስል። እንግዳውም "ወይ ጉድ" ይላል። "ወይ ጉድ" ላላለ እንግዳ ሻይ ቶሎ አይቀርብም።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስሜን የሚጠራው የለም፤ ባለቤቴ "አንተ"፣ ልጄ "አባዬ"፣ የቀረው ሕዝብ ሁሉ "መምህር" ነው የሚለኝ። ጡረታ ስወጣ አንኮበር፣ አባቴ በተዉልኝ ቦታ ላይ ቤት ሠራሁ። ቦታው ገደል አፋፍ ነው። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ቆላው ሁሉ ከእግር በታች ይዘረጋል። ያን ሁሉ ዓመት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት ስምጥ ሸለቆ አሁን ከደጄ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ነገር በመስኮት አይታይም፤ ከቤቱ ወደ ገደሉ ወጣ ያለ፣ መደገፊያ ያለው የእንጨት በረንዳ ያስፈልገኛል አልኩ። ባለቤቴ "ገደሉ ሳትጠጋውም ይታያል" አለችኝ። አልሰማኋትም። እሷን ባለመስማት እስከዛሬ ያተረፍኩት ነገር የለም፣ ግን አልሰማኋትም።

የመጀመሪያውን በረንዳ የሠራሁት በባሕር ዛፍ ነው። እኛ አገር በባሕር ዛፍ የማይሠራ ምን አለ? ጣራው እሱ፣ አጥሩ እሱ፣ ማገዶው እሱ። ደግሞ ዛሬ ቆርጠን ነገ ነው የምንመታው፤ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ሰነፍ ይባላል። የአንኮበር ጉም አንድ ክረምት አራሰው፣ በጋው አጣመመው፣ ሁለተኛው ክረምት አበሰበሰው። በመስከረም አንድ ጠዋት ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ቆላውን ልጎበኝ ስወጣ፣ ጣውላው ተሰበረና ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ወደ ታች ወረደ። ከላይ ግማሽ መምህር፣ ከሥር አንድ እግር። ከታች ባለው እርከን ላይ የሚሠራው ጎረቤቴ ቀና ሲል እግሬን አየ። ባርኔጣውን አነሳና "እንደምን አደሩ መምህር" አለ። ጫማዬን አውቆት ነው። እኔስ ምን ልበል፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ" አልኩት። ባለቤቴና ልጄ ተጋግዘው እስኪያወጡኝ ድረስ ስለ ገብሱ ስናወራ ቆየን።

ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አስጠላኝ። ጽድና ወይራ እንዳልል መቁረጡ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አያቴ የተከሏቸውን ጽዶች የምቆርጥበት አንጀት የለኝም። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን አሮጌ እንጨት የሚሸጥበት ግቢ ስዞር፣ ጥግ ላይ የተከመረ ጥቁር ቡናማ ወፍራም አጠና ነገር አየሁ። ከባድ የፋብሪካ ማሽን ከባሕር ማዶ ሲመጣ ከሥሩ ተነጥፎ የሚመጣ እንጨት ነው አሉኝ። አንዱን በጫፉ ላነሳ ስል ወገቤ ቋ አለ። ሻጩ ሳቀና "እሱ የሞቃት አገር እንጨት ነው፤ ብቻዎን አይችሉትም" አለኝ።

የሞቃት አገር እንጨት ማለት፣ ተማሪዎቼ ካስታወሱት፣ ከምድር ወገብ አካባቢ፣ ዝናብ ከማያባራበት ደን የሚወጣ ነው። እዚያ ዛፉ ብርሃን ፍለጋ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጋፋ ቀስ ብሎ ያድጋል። ምስጡም ሻጋታውም ከችግኝነቱ ጀምሮ ሲፈትኑት ይኖራሉ። የተረፈው ታዲያ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ይወፍራል፤ ውሃ ልግባ ቢል መግቢያ አያገኝም። ላዩ ላይ ያለው አመድማ ቆሻሻ ሲላግለት ከሥሩ የጠይም ሰው መልክ ያለው ነገር ብቅ አለ። እጅ ሲያርፍበት ይቀዘቅዛል፣ ወዝ አለው፣ ውሃ ሲፈስበት ተንከባልሎ ይወርዳል። ስንት ባሕር ተሻግሮ፣ የማሽን መቀመጫ ሆኖ፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ቤት ወስጄ ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ስጥለው ሰመጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘኝ።

አናጢዬ ሰይድ ይባላል፤ የአሊዩ አምባ ሰው ነው። ዕቃውን ይዞ ከታች ከቆላው ሽቅብ ይመጣል። በሥራው ቀልድ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሚስማር መታ፤ ሚስማሩ ታጠፈ። ሁለተኛውም ታጠፈ። በሦስተኛው መዶሻውን አስቀመጠና እንጨቱን በጣቱ አንኳኳው።

"መምህር፣ ይሄን ከየት አመጡት?"

"ከምድር ወገብ።"

"ወላሂ ይመልሱት።"

አልመለስኩትም። መጋዙ ጥርሱን ጨረሰ፤ መሰርሰሪያው ሁለት ጊዜ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ግን ሰይድ ራሱ አንዱን ጣውላ ልጎ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ሲዳብሰው አገኘሁት። "ይሄ ሚስማር አይወድም" አለኝ። "ይበሳል፣ ከዚያ ከራሱ እንጨት ችንካር ተጠርቦለት ይገባበታል። እንጨት በእንጨት። ጊዜ ይፈጃል። ካለቀ በኋላ ግን እርስዎም ያልፋሉ፣ እኔም አልፋለሁ፣ እሱ እዚሁ ነው።" እኔም ስለ ማለፉ ያለውን ዘልዬ ስለ እንጨቱ ያለውን ተቀበልኩ።

ወለሉ አለቀ፤ እንዴት እንዳማረ አትጠይቁኝ። የቀረው መደገፊያው ነበር። ቋሚዎቹ ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆመዋል፣ የእጅ መደገፊያውም ላያቸው ላይ ተጋድሟል፣ ነገር ግን ቋሚዎቹን ከወለሉ ጋር የሚያጋጥሙት ችንካሮች ገና አልተጠረቡም። በዚህ መሐል ሰይድ የእህቱ ልጅ ኒካህ ደረሰበት። ሐሙስ ማታ ዕቃውን ሰብስቦ፣ የየቋሚውን ሥር ከወለሉ ጋር በሽቦ እየጠመዘዘ አሰረው። "ኢንሻአላህ ሰኞ መጥቼ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። "እስከዚያ ማንም እንዳይደገፈው። ዶሮም ቢሆን።"

አሁን ወደ ልጄ እንምጣ። ምሕረት አንድ ልጃችን ናት። ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ በየሳምንቱ ዓርብ ትመጣና ሰኞ በጠዋት ትሄዳለች። ሐሙስ ዕለት በዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሰዓት ድምፅ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ግን በሩን ሳትዘጋው ማውራት ትጀምራለች፣ እናቷ ትስቃለች፣ እኔም በሳምንቱ ውስጥ ያነበብኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። በዚያ ሰሞን ዓርብ መጥታ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር እንዲህ አለችኝ።

"አባዬ፣ እሑድ እንግዶች ይመጣሉ። ከአረርቲ ነው የሚመጡት።"

ከአረርቲ ማን እንደሚመጣ ለመገመት ጂኦግራፊ አያስፈልግም። ምሕረትን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የማሽን ባለሙያ ነው፤ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ትሑት ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ያናደደኝም ይሄው ነው፤ አንድ እንከን ቢኖረው እሱን ይዤ እከራከር ነበር። ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። የኛን ወግ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚናገረው። የልጅቷ አባት ደግሞ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ "ከዘመድ ልምከርበት" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እኔ ሦስት ጊዜ ላመላልሳቸው ቆርጬ ነበር። ከአረርቲ አንኮበር ሦስት ጊዜ፣ መሐሉ ላይ ክረምት ይገባል፣ ከዚያ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመቱን እንገፋዋለን። ሃምሳ ዓርብ አተርፋለሁ ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገር ግን ምሕረት አባቷን ታውቀዋለች።

ቅዳሜ በጠዋት ረዥም ዝርዝር ጻፈችና ደብረ ብርሃን ሄጄ እንድገዛ ላከችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አንኮበር የማይጠፋ ነገር ሁሉ ነበረበት፤ ክብሪት ሳይቀር። "ክብሪት እኮ እዚሁ አለ" ብላት "የደብረ ብርሃኑ ይሻላል" አለችኝ። ሄድኩ። ጀንበር ስትጠልቅ ተሸክሜ ስመለስ በረንዳው ላይ ቀይ የእንጨት ዱቄት አየሁና ባለቤቴን ጠየቅኋት። "የሐሙሱ ነው፤ ነፋሱ ከጥግ አውጥቶት ነው" አለችኝ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ምሕረት በየቋሚው ሥር አረንጓዴ ጨርቅ ጠምጥማ አገኘኋት። "ሽቦው እንዳይታይ ነው፤ ነውር ነው" አለችኝ። ልጄ እንዲህ አሳቢ በመሆኗ ልቤ ተነካ። አይ እኔ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ፊት ፊት የሚመሩት ጋሽ ጥላሁን ረዥም፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ቄስ። ከኋላ ደግሞ አቶ ደምሴ የሚባሉ የጤፍ ነጋዴ፣ በራችንን በጎን ካልሆነ የማያልፉ ሰው። ወንበሮቹን የደረደርኩት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ከበረንዳው ርቀው እንዲቀመጡልኝ ብዬ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ጋሽ ጥላሁን ወንበሮቹን አየት አድርገው በበሩ አልፈው ወደ በረንዳው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ወንበሮቹን አንጠልጥዬ ተከተልኳቸውና ደረደርኩ።

"አረፍ በሉ እንጂ።"

"የለም መምህር፤ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።"

እሺ፣ ይሄ ወጉ ነው። ነገር ግን አቶ ደምሴ እግራቸው ሥር ያለውን ጣውላ በጫማቸው መታ መታ አድርገው "ይሄ ምን ዓይነት እንጨት ነው?" ብለው ጠየቁ። እኔን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል። ባልዲው መጣ፤ ቁራጩ ሰመጠ፤ ሦስቱም "ወይ ጉድ" አሉ። ከምድር ወገብ ተነሥቼ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምስጡ፣ ስለ ወዙ አስረዳሁ። ሙቀቴ ሲጨምር ደግሞ ክንዴን ወደ መደገፊያው ዘርግቼ "በሬ ቢያስሩበት አይነቃነቅም" አልኩ። አቶ ደምሴ "እውነት?" አሉና ዞረው፣ በሙሉ ጀርባቸው፣ መደገፊያው ላይ ጋደም አሉበት።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን አልነግራችሁም። ከኋላቸው ያለው ባዶ አየር ነው። ሽቦው እኮ ለዶሮም አልተፈቀደም። በሽቦ ነው የታሰረው እንዳልል፣ በሬ ያልኩት ምራቄ ገና አልደረቀም። ብጮህ ይደነግጡና ያንኑ ሽቦ ይበጥሱታል። "ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ እዚያ ነፋስ አለ" ብላቸው አቶ ደምሴ "ለኛ ለሞቃት አገር ሰዎች ጥሩ ነው" አሉ። "ተቀመጡ" ስላቸው "አንቀመጥም"። "ግቡ" ስላቸው "አንገባም"። ጋሽ ጥላሁንም ከዘራቸውን ተክለው፣ መደገፊያውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ጉዳዩን ጀመሩት። የተከበረ ቤት ብለው፣ የተባረከች ልጅ ብለው፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ።

ያቀድኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። "ከዘመድ ልምከርበት" ልል አፌን ስከፍት ዓይኔ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አረፈ፤ ጨርቁ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ጊዜ ላገኝ ብዬ "እስቲ መጀመሪያ ዝምድና እንዳይኖር ቤት እንቁጠር" አልኩ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ጥላሁን የልጁን አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ መቁጠር ጀመሩ፤ በየስሙ መደገፊያውን በመዳፋቸው ይመቱታል። አንድ ስም፣ ዷ። ሌላ ስም፣ ዷ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

"ይበቃል" አልኳቸው። "ዝምድና የለንም።"

"ገና ሦስት ይቀራል እኮ።"

"አምኛችኋለሁ።"

በዚህ ጊዜ ነው ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የመጡት። በየጠዋቱ ከገደሉ ሥር ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፤ ሌላ ቀን ብርቅ አይሆኑብኝም። ቄሱ ግን ድምፃቸውን ሰሙና "ምንድን ነው?" ብለው ጠጋ አሉ። አቶ ደምሴ ዞሩ። ጋሽ ጥላሁንም መነጽራቸውን አወጡ። ሦስቱም ሆዳቸውን መደገፊያው ላይ አስተኝተው ቁልቁል አንገታቸውን አሰገጉ። የአረርቲ ሦስት ቤተሰብ በእኔ ምክንያት ሐዘን ሲቀመጥ፣ ምሕረት ሳታገባ ጥቁር ስትለብስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ። "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አሁን ተቀመጡ።"

ባለቤቴ ከበሩ ላይ "ምን አልክ አንተ?" አለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መምህር፣ በመጀመሪያ ቀን?"

"በመጀመሪያ ቀን።"

"ልጅቷ ጤነኛ ናት አይደል?" አሉ አቶ ደምሴ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ልጄን በደቂቃ ብሰጣቸው እንከን ፈለጉባት። "ጤነኛ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ምን ጎደላት" ብዬ ስሟገት፣ ጋሽ ጥላሁን እጃቸውን አነሡና "እስቲ እኛም ጥቂት እንምከርበት" አሉ። ሦስቱም ሊመካከሩ ወደ መደገፊያው ተመልሰው፣ ጎን ለጎን፣ ተደገፉት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

"አባቶቼ፣ ከዚያ ተነሡ። መደገፊያው በሽቦ ነው የታሰረው። ዋሽቻችኋለሁ።"

ሲነሡ ማየት ነበረባችሁ። አቶ ደምሴ እንዲህ ይፈጥናሉ ብዬ አላስብም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጋሽ ጥላሁን በከዘራቸው ጫፍ አንዱን ቋሚ ገፋ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ። በእጃቸው ያዙና ወዘወዙት። ምንም። ጎንበስ ብለው አረንጓዴውን ጨርቅ ፈቱ። ሽቦ የለም። እንጨቱ ውስጥ፣ እኩል ለእኩል፣ ራሳቸው የተላገ አራት ችንካሮች ተቀርቅረዋል። የሰይድ እጅ እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል።

ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኖቿ መሬት ላይ ናቸው።

"ጋሽ ሰይድን ለምኜው ነው። ኒካሁ ዛሬ ስለሆነ ትናንት መጥቶ ጨረሰው" አለች።

"ክብሪቱስ?"

"ክብሪት ነበረን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እስከ ከርሞ ታመላልሳቸው ነበር አባዬ።"

ጋሽ ጥላሁን ፈገግ አሉ። "እኛም አልዋሸንም፤ ሳንጠየቅ ነው ዝም ያልነው። 'አባቴ ያን መደገፊያ ይወደዋልና እሱ ላይ ቁሙ፣ እሺ ሳይላችሁ አትራቁት' ብላ ልካብን ነበር። እንደዚህ ቶሎ ይሠራል ግን አላልንም።" ከዚያ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። "መምህር፣ ቃሉን የሰጡን በፍርሃት ነው። እኛ በፍርሃት የተሰጠ ቃል ይዘን አንሄድም። ይመለስልዎ። ቀጠሮ ይስጡንና እንመጣለን፤ ሦስት ጊዜም ቢሆን እንመጣለን።"

ሃምሳ ዓርቦቼ ተመልሰው እጄ ገቡ። ማንም አይታዘበኝም፤ ወጉም ይፈቅዳል። ምሕረትን አየኋት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፤ አሁንም እየጠቀለለች ነበር። አጠገቧ እናቷ እኔን ታየኛለች። ምን እንደምትለኝ አውቄዋለሁ፤ ለአንድ ጊዜ ብሰማት ምናለበት አልኩ።

ተነሣሁና ወደ መደገፊያው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ራሴ አንድም ቀን ተደግፌው አላውቅም። መጀመሪያ አንድ እጄን አሳረፍኩ፤ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ክንዴን፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ንቅንቅ አላለም። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደልኝ። የሽማግሌዎቹ ብቻ አይደለም፤ ያን ዕቅድ ተሸክሜ ስዞር ምን ያህል ከብዶኝ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ልጁ እኮ ደህና ልጅ ነው። ደብረ ብርሃንም ሩቅ አይደለም፤ ዓርብ ቢቀር ቅዳሜ አለ።

ከታች እርከኑ ላይ ጎረቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ባርኔጣውን አነሣ።

"እንደምን አደሩ መምህር። ዛሬ ሰው በዝቷል፣ ምን ተገኘ?"

"ልጄን ሰጠኋት" አልኩት፤ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እግርዎ ግን ደህና ነው?"

"ሁለቱም እዚህ ላይ ናቸው" አልኩት።

ከኋላዬ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።